ከሰይድ አንገት ላይ ያነሳሁት ድንጋይ

ይህን ነገር ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። በየዓመቱ የጾሙ ማብቂያ ላይ ፊታቸው እቀርብና ሐሜቱን፣ ስካሩን፣ የዘለልኩትን ስግደት አንድ በአንድ ደርድሬ፣ ይህቺን አንዷን ጉሮሮዬ ላይ አስቀርቼ፣ እግዚአብሔር ይፍታህ ተብዬ እመለሳለሁ። ለባለቤቴም አልነገርኳትም፤ ሳታውቅ ሞተች። አሁን ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው። የሚያውቁኝማ አያምኑኝም። ቆቦ ገብታችሁ ጋሼ ሞላ ማን ነው ብላችሁ ብትጠይቁ፣ የተጣላ አስታራቂ፣ የታመመ ጠያቂ፣ ሠርግ ላይ ከሙሽራው አባት ጎን የሚቀመጥ ሰው ነው ይሏችኋል። ባጃጅ ነጂዎቹ ሳይቀሩ ሲያዩኝ ይቆሙልኛል።

አትዘኑልኝ። ልታዝኑ ከሆነ ከወዲሁ ተዉት። በንዴት ነው የምጽፈው፤ ንዴቴ ማን ላይ እንደሆነም ሳልጨርስ ይገባችኋል።

ሥራዬ ብየዳና ቶርኖ፣ ብረት መጥረብ ነው። አሁን ከመናኸሪያው ጀርባ ባለች ቆርቆሮ ቤት የገበሬውን የውሃ ፓምፕና የሰዉን የብረት በር እጠግናለሁ። ከጦርነቱ በፊት ግን ድሬዳዋ ነበርኩ። እዚያ አሮጌ ባቡሮችን የሚያድስ አንድ የግል ድርጅት ነበር፤ ስሙን አልጠራም፣ አሁንም አለ። በድሮው ሐዲድ ዳር ዝገው የቀሩ፣ አህያ የሚታሰርባቸው፣ ፍየል ጥላቸው ሥር የምትተኛባቸው የእንፋሎት ባቡሮች ነበሩ። ድርጅቱ እነሱን እየገዛ፣ እየፈታ፣ እያደሰ፣ ጎብኚና ሙሽራ ጭኖ አጭር መንገድ ሊያስኬዳቸው ተነሳ። ሐሳቡ ቆንጆ ነበር፤ ይህን አልክድም። እኔ ውሃው የሚፈላበት የቦይለሩ ኃላፊ ነበርኩ። ዘመኑን ሙሉ ድምፁ ጠፍቶ የኖረ ብረት በእጄ ታድሶ መጀመሪያ የተነፈሰ ዕለት፣ ጢሜን ይዤ እንደ ሕፃን አልቅሻለሁ።

ሥራው ሲበዛ ከአገሬ ሁለት ሰው ጠርቼ ወሰድኩ። አንዱ ደሳለኝ ነው፤ የጎረቤቴ የእማማ አበባ ልጅ። የጭነት መኪና ሲነዳ የኖረ፣ ቀልድ የማያልቅበት፣ ሲስቅ ከሩቅ የሚሰማ ሰው ነበር። ሌላው ሰይድ ነው፤ የሮቢት ልጅ፣ ጎብዬ ወፍጮ ቤት ሞተር ሲያንቀሳቅስ አይቼ ጆሮውን የወደድኩለት። ሞተር ከመታመሙ በፊት ድምፁን ሰምቶ ያውቅ ነበር። ይህን ያዙልኝ፤ ሰይድን የመረጥኩት ለጆሮው ነው። ደሳለኝን ነጂ አደረግነው፣ ሰይድ ደግሞ እሳቱን አንዳጅና ውሃውን ጠባቂ ሆነ። አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖሩ ነበር። በፋሲካ ደሳለኝ ዶሮ ይገዛና እስላም ጎረቤት ዘንድ አሳርዶ ለሰይድ ለብቻው ያሠራለት ነበር። በኢድ ደግሞ ሰይድ እንዲሁ በግ ቢያርድ ለደሳለኝ በክርስቲያን እጅ የታረደ ዶሮ አይረሳም። እናቶቻቸው እዚህ ቆቦ ገበያ ሲገናኙ ስለ ሁለቱ ልጆቻቸው ሲያወሩ ይመሽባቸው ነበር።

አሁን ስለ አንዲት ቡሎን ልነግራችሁ ነው። ታገሡኝ፤ ነገሩ ሁሉ እሷ ላይ ነው ያለው።

የእንፋሎት ባቡር ሆዱ ውስጥ እሳት የሚነድበት የብረት ሳጥን አለ። ውሃው የሚቀመጠው በዚያ ሳጥን ጣራ ላይ ነው። ውሃው እያለ እሳቱ ጣራውን ምንም አያደርገውም። ውሃው ከሸሸ ግን ጣራው ይግላል፣ ይለሰልሳል፣ በመጨረሻም እንፋሎቱ ይቀደውና ነጂው ላይ ይወጣል። ድሮ እነዚህን ባቡሮች የሠሩት ሰዎች ይህን ስለሚያውቁ ጣራው ላይ መሃሏ በእርሳስ የተሞላ ቡሎን ይከቱበታል። ውሃው ሲያንስ እርሳሱ ከሁሉ ቀድሞ ይቀልጣል። ያኔ እንፋሎቱ በቀዳዳዋ እየጮኸ እሳቱ ላይ ይወርዳል። ጩኸቱ የሞተ ይቀሰቅሳል። ነጂውና አንዳጁ ያን ሲሰሙ እሳቱን ያጠፋሉ ወይም ዘለው ይወርዳሉ። ይኸው ነው። የሁለት ሰው ነፍስ የተንጠለጠለው በዚያች እርሳስ ላይ ነው።

ትልቅ እንግዶች የሚመጡበት እሑድ ሲቃረብ እርሳሷ ማንጠባጠብ ጀመረች። መቀየር አለባት አልኩ። ለዚያ የሚሆነው እርሳስ ደግሞ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ፣ ቀልጦ ተሞልቶ እስኪፈተሽ ጊዜ ይፈልጋል። ለድርጅቱ ባለቤት ነገርኩት። ባቡሩ አረንጓዴ ተቀብቶ፣ ነሐሱ በሎሚ ታሽቶ፣ አበባ ታዝዞለት ነበር። ሰውየው ዓይኔን እንኳ አላየኝም። «ሞላ፣ እንግዶቹ እሑድ ይመጣሉ፣ አንተ ስለ አንድ ቡሎን ታወራልኛለህ?» አለኝና ወደ አበባ ሻጩ ዞረ።

ስንት ዓመት በዚህ ሰውዬ ላይ አሳበብኩ! በሆዴ ስንቴ ረገምኩት! ይገባዋልም፤ ባቡር ሳይሆን ፎቶግራፍ ነበር የሚያሠራን። ነገር ግን ድፍን ቡሎን ክተት አላለኝም። ያን ያመጣሁት እኔ ነኝ። አይሄድም ማለት እችል ነበር። ቁልፉ በእጄ ነበር፤ ያለ እኔ ፈቃድ እሳት አይለኮስም ነበር። ለምን አላልኩም? ልናገረው። እንግዶቹ ፊት ይህን ያደሰው እሱ ነው ተብዬ እንድጠራ ስለፈለግሁ ነው። አዲስ ኮት አሰፍቼ ነበር። ለኮት ነው!

ቶርኖው ላይ ቆምኩና ከብረት ድፍን ቡሎን አወጣሁ። ቀዳዳ የላት፣ እርሳስ የላት። በዚያች በእርሳሷ ቦታ እኔ በእጄ አሰርኳት። አላንጠባጠበችም። እንግዶቹ ሲሄዱ አወጣታለሁ አልኩ። ለደሳለኝ አልነገርኩም። ለሰይድ አልነገርኩም። ብነግራቸው ኖሮ ውሃቸውን ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ይጠብቁ ነበር፤ ወይም ደሳለኝ አልነዳም ብሎ ኮቴን ያበላሽብኝ ነበር። ዝም አልኩ። በዕለቱ እኔ የኋላው ፉርጎ ላይ ከእንግዶቹ ጋር ተቀምጬ ውዳሴ እጠጣ ነበር።

የውሃው ልክ የሚታየው ነጂው ፊት ባለች የመስታወት ቱቦ ነው። ሰይድ ጠዋት አስተንፍሶ ፈትሿታል፤ አጠገቡ ቆሜ በዓይኔ አይቻለሁ። መንገድ ላይ ግን ያገሩ ውሃ ኖራ የበዛበት ስለሆነ ከውስጥ ደፈናት። ቱቦዋ ሙሉ ነው እያለች ውሃው ወረደ። ይህ የማንም ጥፋት አይደለም፤ የሚያጋጥም ነገር ነው። ለሚያጋጥመው ነገር ነበር እርሳሷ የተሠራችው። ሰይድ እንጨት ለማንሳት ጀርባውን በሰጠበት ቅጽበት ጣራው ተቀደደ። ደሳለኝ እዚያው ቀረ። ሰይድን እንፋሎቱ ከጎን አግኝቶት እጆቹና የፊቱ ግማሽ ተቀቀሉ። እኛ ኋላ የነበርን አንድ ነገር ሲፈነዳ ብቻ ሰማን። ከእንግዶቹ አንዳቸውንም ጭረት አልነካቸውም።

እስከዚህ ድረስ ያለው ስህተት ነው ልትሉኝ ትችላላችሁ። ቸልተኝነት፣ ትዕቢት፣ የፈለጋችሁትን በሉት። ከዚህ በኋላ ላለው ግን ስም አታገኙለትም።

ሰዉ ሁሉ ሆስፒታል ሲሄድ እኔ ባቡሩን ልጠብቅ ብዬ ቀረሁ። መርማሪዎች በማግስቱ ይመጣሉ ተባለ። ጣራው የተቀደደው ከወደ ኋላው ነው፤ ቡሎኗ ያለችበት የፊተኛው ወገን አልተነካም። ጎህ ሲቀድ፣ ብረቱ ሙቀቱ ገና ሳይለቀው፣ ተሳብኩና የእሳቱ ሳጥን ውስጥ ገባሁ። ደሳለኝ በተቃጠለበት ባቡር ሆድ ውስጥ በጉልበቴ ሄድኩ። ድፍኗን ፈታሁ። የዕቃ ሳጥኔ ውስጥ ቀደም ሲል ለሙከራ አቅልጠናት መሃሏ ባዶ የቀረች ቡሎን ነበረችኝ። እሷን አሰርኩ። ድፍኗን በጨርቅ ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩ።

ምን እንዳደረግሁ ገባችሁ? ድፍኗን ብቻ አውጥቼ ብጥል ራሴን ደብቄ ነበር፤ ፈሪ ትሉኝ ነበር። እኔ ግን የቀለጠች እርሳስ አስቀመጥኩ። የቀለጠች እርሳስ ማለት ጮኻለች ማለት ነው። መርማሪዎቹ መጥተው አዩ። የሚያዩትን አምነው ፈረዱ። እርሳሷ ቀልጣለች፣ ስለዚህ ጮኻለች፤ ከጮኸች ሰዎቹ ሰምተዋል፤ ሰምተው ዝም ብለዋል። ሟች አይጠየቅም። ውሃ ጠባቂው ማን ነበር? ሰይድ።

ባለቤቱ ይህ ሲነበብ ሰምቶ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። አንዲት ቃል አልጠየቀኝም። ግን ያቺ ቡሎን መቀየር አለባት ብዬ የለመንኩት ሰውዬ ነው፤ ምን እንዳደረግሁ ካልጠረጠረ ደንቆሮ ነው። ደንቆሮ ደግሞ አይደለም። እንዲህ ነው ሁለታችን ሳንነጋገር የተስማማነው።

ሰይድ ሆስፒታል ተኝቶ ሲጠየቅ የመለሰው አንድ ነገር ብቻ ነው። ወላሂ አልጮኸም አለ። ደግመው ጠየቁት፤ አልጮኸም አለ። ከአልጋው አጠገብ ቆሜ ሰማሁት። ፊቱ በፋሻ ተጠቅልሎ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታየኝ ነበር፤ ያቺ ዓይን እኔን ትፈልግ ነበር፣ ጋሼ ሞላ ያውቃል፣ ይነግራቸዋል እያለች። እኔ ግን መስኮቱን አየሁ።

የደሳለኝን አስከሬን ቆቦ አምጥተን ቀበርን። እማማ አበባ ለቅሶው ላይ ከማንም በላይ እኔን ይዛ አለቀሰች። ሰይድ ከወራት በኋላ እጆቹ እንደተቆለመሙ ወደ አገሩ ተመለሰ። ያገሩ ሰው ወሬውን ቀድሞ ሰምቶ ነበር። ሰምቶ ዝም ያለው፣ ጓደኛውን ያስበላው እየተባለ ይወራ ነበር። በደሳለኝ ወንድሞች በኩል ደግሞ ሌላ ነገር ይሸት ጀመር፤ ሰይድ ቆቦ ገበያ መውጣት ፈራ። በዚህ መሃል ሽማግሌ ይግባ ተባለ። ክርስቲያኑም እስላሙም ተመረጠ፤ ከእስላሙ ወገን ሸህ ኡመር የሚባሉ ደግ አዛውንት ነበሩ። ከክርስቲያኑ ማን ይሁን ሲባል ሁሉም በአንድ አፍ እኔን ጠራ። ሁለቱንም ያውቃል፣ ባቡሩንም ያውቃል፣ ከሞላ የተሻለ ማን አለ አሉ።

አይቻልም ማለት ይቻል ነበር። ታምሜያለሁ ማለት ይቻል ነበር። ዓይኔን በጨው አጥቤ ሄድኩና ከሾላው ሥር፣ ከሸህ ኡመር ጎን ተቀመጥኩ።

በእኛ ዘንድ ደም ሲታረቅ ጥፋተኛው ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ ይመጣል። ጥፋቱን በአፉ ይናገራል። ሳይናገር ድንጋዩ አይነሳለትም፤ ድንጋዩ ካልተነሳ ደግሞ ዕርቅ የለም፣ ደሙ እንዳለ አለ። ሰይድ ድንጋዩን በእነዚያ በተቆለመሙ እጆቹ ደግፎ መጣ። ይቅርታ ጠየቀ። ደሳለኝ ወንድሜ ነበር፣ እኔ ተርፌ እሱ መሞቱ ጥፋት ከሆነ አጥፍቻለሁ አለ። ሽማግሌው ግን ይህ አልበቃውም። ሰምተህ ነበር ወይ ተባለ። አልሰማሁም፣ አልጮኸም አለ። ሸንጎው ተንጫጫ። መንግሥት መርምሮ የቀለጠ እርሳስ አግኝቷል፣ ይሄ አሁንም ይዋሻል አሉ። የደሳለኝ ታላቅ ወንድም ተነስቶ ሊሄድ ነጠላውን አራገፈ። እማማ አበባ መሬት መሬት ታይ ነበር።

ያኔ እኔ ተነሳሁ። እስቲ ለብቻው ላናግረው አልኩ። ሽማግሌው በደስታ ፈቀደ። ሰይድን ድንጋዩን እንደተሸከመ ወደ ቁልቋሉ አጥር ይዤው ሄድኩ። ያልነውን ሁሉ ቃል በቃል አስታውሳለሁ፤ ልረሳው ሞክሬ አልሆነልኝም።

«ሰይድ፣ ሰማሁ በል» አልኩት።

«ጋሼ፣ ያልሰማሁትን እንዴት ብዬ?»

«አንዲት ቃል ናት። ልጆችህ በሰላም ይደጉ።»

«አላህስ?»

«አላህ ልብህን ያውቃል።»

የእሱን ፈጣሪ ጠርቼ፣ በእሱ አምላክ አባብዬ ነው እንዲዋሽ ያደረግሁት። ኪሴ ውስጥ ያን ሰዓት ቁልፍና ሳንቲም ነበረ፤ ድፍኗ ቡሎን ግን ቤቴ፣ ከበሩ መቃን ሥር ተቀብራ ነበር። አልጮኸም ብዬ ሄጄ ቆፍሬ ላመጣት እችል ነበር። ከሾላው እስከ ቤቴ ቅርብ ነው፤ በእግር ነው የሚኬደው።

ተመልሰን መጣን። ሰይድ መሬቱን እያየ፣ «ጮኋል። ሰምቻለሁ። ችላ ብዬ ነው» አለ። ድምፁ አልተሰማም ተብሎ ደግሞ እንዲናገር ተደረገ፤ ደግሞ ተናገረ። ከዚያ ሽማግሌው ወደ እኔ አየ። እኔ ሄድኩና ድንጋዩን ከአንገቱ ላይ አነሳሁለት። እኔ! በእነዚህ በእጆቼ፣ ድፍኗን ባሰርኩባቸው፣ ድፍኗን በፈታሁባቸው እጆች። ሰዉ እልል አለ። እማማ አበባ ግን ከሰይድ ፊት ቆማ፣ እስካሁን ለምን ዋሸኸን ልጄ፣ መጀመሪያውኑ ብትነግረን ይቅር እልህ አልነበር ወይ አለችው። ምን ይመልስ? እሷ ይቅር ለእግዜር ብላ ጉንጩን ሳመችው፤ ያን የተቃጠለውን ጉንጩን። በሬ ለክርስቲያኑ፣ በሬ ለእስላሙ ታረደ። ዱዓ ተደረገ፣ ምርቃት ወረደ። ጋሼ ሞላ አንተ ባትኖር ይሄ ነገር አያልቅም ነበር ተባልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ቆቦ ላይ ሽማግሌ የሆንኩት። የክብሬ መነሻ ይህ ነው፤ ሠርግ ላይ ከሙሽራው አባት ጎን የምቀመጥባት ወንበር ከዚያች ድንጋይ ተጠርባ የወጣች ናት።

ሰይድ ከዚያ በኋላ መናኸሪያ ተራ አስከባሪ ሆነ። አሁንም እዚያው ነው። «ሮቢት! ጎብዬ! ወልዲያ!» እያለ ሲጣራ ከቶርኖዬ ሥር ሆኜ እሰማዋለሁ። ሞተር ወዳድ ሰው ነው፤ ቢያገኝ ከሞተር ሌላ ሥራ አይፈልግም ነበር። አንድ ጊዜ ከወደ ጎብዬ የመጣ ገበሬ ማሽላና ሽንኩርት የሚያጠጣበትን ፓምፕ የሚጠብቅለት ሰው ሲፈልግ ሰይድን ጠቁመውት እኔን ሊያማክር መጣ። ምን አልኩት መሰላችሁ? ሌላ ብታይ ይሻላል አልኩት። እጁ እንኳ ቢቆለመም ጆሮው ይበቃው ነበር። ፓምፑ ሲበላሽ ግን እኔ ጋ ሊያመጣው ነው፣ ከሰይድ ጋር አንድ ሞተር ላይ ልናጎነብስ ነው፣ ያን አልፈለግሁም። ይህችን ትንሿን ከሌሎቹ ሁሉ የባሰች አድርጌ የማያት ቀን አለ።

ጦርነቱ መጣ። ከተማው ሲሸሽ ባለቤቴ ታማ መራመድ አትችልም ነበር። ሰው ሁሉ ለነፍሱ ሲሮጥ ሰይድ ልጆቹን አስቀድሞ ልኮ ወደ እኛ ቤት መጣ። ቃሬዛውን በጣቶቹ መጨበጥ ስለማይችል ገመድ ትከሻው ላይ አስሮ ከፊት ከፊት ተሸከመ፣ እኔ ከኋላ። ባለቤቴ የዚያን ዕለት የመረቀችውን ምርቃት ለልጆቿም አልመረቀችም። አጥፍቶ የካሰ ሰው ነው አለችኝ በኋላ፣ ስለ ሰይድ። እሺ አልኳት። ይህን እንዳመነች ሞተች።

እንግዲህ በቅርቡ የሆነውን ልንገራችሁ፤ ይህን ያስጻፈኝ እሱ ነው። የእህቴ ልጅ በስልኳ አንድ ነገር አሳየችኝ። ያ ድርጅት ያንኑ ባቡር ጠግኖ፣ ቀብቶ፣ አበባ አልብሶ አቁሞታል። ሙሽሮች ተደግፈውት ይስቃሉ። ከሥሩ ስለ ታሪኩ በተጻፈው ውስጥ፣ ቀድሞ በሠራተኛ ቸልተኝነት አደጋ ደርሶበት እንደነበር ተጠቅሷል። የሠራተኛ ቸልተኝነት! ቶርኖውን አጥፍቼ ቆምኩ። እነዚህ ሌቦች፣ እነዚህ ዓይን አውጣዎች እያልኩ ግቢው ውስጥ ተንጎራደድኩ። ልጅቷ ደነገጠች። ስንጎራደድ ስንጎራደድ ቆይቼ ድንገት ቀጥ አልኩ። ያን ቃል የሰጣቸው ማን ሆነና ነው?

በዚያው ሰሞን ሰይድ መጣ። ቀትር ላይ መኪና ሲያንስ አንዳንዴ ብቅ ይላል። አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ እንዲህ አለኝ።

«ጋሼ፣ ለሰው አልናገርም እንጂ አሁን አሁን ይሰማኛል።»

ምኑ አልኩት።

«ጩኸቱ። መኪና ፍሬን ሲያስተነፍስ ይጀምረኛል። ሳስበው ሳስበው የዚያን ዕለትም ሰምቼው ነበር መሰለኝ። ሰምቼው ኖሯል ለካ። በወላሂ ምዬ አስተባበልኳችሁ። አፉ በሉኝ።»

ይሰማችኋል? ያ ጆሮ! ሞተር ከመታመሙ በፊት የሚሰማ ጆሮ፣ ከጎብዬ ድረስ ሄጄ የመረጥኩት! ስሙን ወሰድኩበት፣ ሥራውን ወሰድኩበት፣ ያ አልበቃ ብሎኝ የገዛ ጆሮውን ወሰድኩበት። ያልጮኸ ነገር እየጮኸበት፣ ጓደኛዬን ገደልኩ ብሎ አምኖ፣ እኔ ፊት ተቀምጦ ይቅርታ ይለምናል። በዚህች ቅጽበት እውነቱን ያልተናገረ ሰው መቼ ይናገራል? ከዚህ የተሻለ ቀዳዳ እግዚአብሔር ምን ያብጅልኝ?

እኔ ምን አልኩ? «እግዜር ይማርህ» አልኩት። ያን የተቆለመመ እጁን ያዝ አድርጌ፣ እግዜር ይማርህ፣ አልፏል አልኩት። ሰይድን ይቅር አልኩት። ቀለል ብሎት ተነሳ። አመስግኖኝ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ሮቢት፣ ጎብዬ እያለ ሲጣራ ሰማሁት።

አያችሁ፣ የጥንት ጥፋት እየተናዘዝኩ መስሏችሁ ነበር። ይህ ጥፋት ያረጀ አይደለም። በዚያን ዕለት በድሬዳዋ ሠራሁት፣ ከሾላው ሥር ሠራሁት፣ በቀደም እዚሁ ደጄ ላይ ሠራሁት። ባለቤቱን አልረግምም ከእንግዲህ፤ መርማሪዎቹንም። እነሱ ያሳየኋቸውን ነው ያዩት። ንዴቴን ለሌላ ሰው ባካፈልኩ ቁጥር ለራሴ የሚቀረኝ ያንሳል።

መቃኑን ቆፍሬ ድፍኗን አውጥቻታለሁ። ዝጋለች እንጂ እንደነበረች ናት፤ አሁን ይህን ስጽፍ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣለች። በመጪው ቅዳሜ ሁለት ወንድማማቾች በመሬት ተጣልተው ከሾላው ሥር ሽማግሌ ይቀመጣል፤ እኔም ተጠርቻለሁ። እማማ አበባ እንድትገኝ ልኬባታለሁ። ሸህ ኡመርን በልጃቸው በኩል ይምጡልኝ ብያለሁ። ሰይድ እንዲመጣ ለመናኸሪያው አለቃ ነግሬያለሁ። ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገርኩም። የምቀመጥበት ቦታ ላይ አልቀመጥም፤ ድንጋይ ተሸክሜ እመጣለሁ። የደሳለኝ ወንድሞች የሚያደርጉኝን ያድርጉ። ሽማግሌ ተነስቶ ድንጋዩን ላንሳልህ ቢለኝ እንቢ እላለሁ፤ ከእማማ አበባና ከሰይድ በቀር ማንም እንዲነካው አልፈቅድም። ሰይድ ሳያነሳው ቢሄድ እውነት አለው። ከሾላው ሥር ተነስቶ ወደ መናኸሪያው ቢመለስና ጀርባውን ቢሰጠኝ፣ እኔ እዚያው ጎንብሼ እቀራለሁ።

እናንተን ይቅርታ አልጠይቅም። የእናንተ አይደለም። ይህን ሁሉ የጻፍኩት አፌን ለማለማመድ ነው፤ ሰው ፊት ቆሞ ውሸት እንጂ እውነት ተናግሮ አያውቅምና ቅዳሜ እንዳይከዳኝ ፈርቼ ነው። የምለማመደው ቃል ረጅም አይደለም። ደጋግሜ ለብቻዬ እለዋለሁ፣ ቶርኖው እየዞረ፣ እሱ ከመናኸሪያው እየተጣራ።

ሰይድ፣ አልጮኸም። ጆሮህ ልክ ነበር። እንዳይጮህ ያደረግሁት እኔ ነኝ።